አየር በአየር



ነጋዴዎች «አየር በአየር» የሚሉት ሥራ አለ። ዕቃው መጋዘን አይገባም፣ ትከሻ ላይ አይወጣም፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይታይም። አንዱ ወረቀቱን ከአንዱ ገዝቶ ለሌላው ያሳልፈዋል፤ መሃል ላይ ያለው ልዩነት ኪሱ ይቀራል። ይህን ስም ያወጣለት ሰው ቅኔ ያልፈው ይመስለኛል፤ የኢኮኖሚክስ መምህራን ሙሉ ምዕራፍ የሚፈጁበትን በሁለት ቃል ጨርሶታል።

ስለዚህ ነገር እንድጽፍ ያደረገኝ የተመራቂነት ጭንቀት ነው። የአምስተኛ ዓመት የሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ። ከምርቃት በኋላ ሁለት በር ተከፍቶልኛል፤ አልሐምዱሊላህ፣ አንድም ያልተከፈተላቸው ብዙ ጓደኞች አሉኝ። አንደኛው የእናቴ ወንድም፣ አጎቴ፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ አጠገብ ያለችው የላሜራ ወርክሾፕ ናት። ሁለተኛው የአባቴ ዘመድ ያቀረበልኝ ነው። እሱ ያለኝ እንዲህ ነው፦ «በስምሽ ድርጅት እንክፈት። አንቺ ዲግሪ አለሽ፣ እኔ ሰው አለኝ። ጨረታውን እናገኛለን፣ ሥራውን ለሚሠራው እንሰጣለን፣ መቶኛችንን እንወስዳለን። ብረት መንካት የለብሽም።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሲናገር ፈገግ ብሎ ነበር። ለሴት ልጅ የሚሰጥ ትልቁ ስጦታ መስሎታል።

በመጀመሪያ ስለ አጎቴ ሥራ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ግቢያችን ውስጥ «ኢኖቬሽን» ሲባል ሁሉም ሰው ስለ አፕሊኬሽን ነው የሚያስበው። አጎቴ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይሠራል። አብዛኞቻችን ቤት ያለ ዕቃ ስለሆነ ማንም ቴክኖሎጂ ብሎ አይጠራውም። እስቲ ገልብጣችሁ እዩት። ስድሳ ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የሸክላ ሰሌዳ ነው። ከስሩ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የሚዞር ቦይ ተቦርቡሮበታል፤ በቦዩ ውስጥ የተጠቀለለ የሬዚስታንስ ሽቦ ይሄዳል፤ በላዩ ጀሶ ይመረግበታል፤ ከዚያ ላሜራው ታጥፎ ይታቀፈዋል። ሲበራ 3.5 ኪሎ ዋት አካባቢ ይስባል፤ ርካሽ ሶኬት የሚቀልጠው ለዚህ ነው። ዕቃው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አብሮን ኖሯል። እያሻሻሉ እዚህ ያደረሱት ደግሞ በየሰፈሩ ያሉ እንደ አጎቴ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ የአብዛኞቹ ስም የትም አልተጻፈም።

እኔን ያስተማረችኝ እናቴ ናት፤ ደሴ ውስጥ እንጀራ እየጋገረች ትሸጣለች። ትንሽ ሳለሁ በእንጨት ነበር የምትጋግረው። የማድ ቤቱ ግድግዳ ሬንጅ የተቀባ ይመስል ነበር፤ እሷንም ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ስትጠርግ ነው የማስታውሳት። ስምንተኛ ክፍል ስሆን አጎቴ አንድ ምጣድ አውቶቡስ ላይ ጭኖ አመጣላት። ከዚያ በኋላ በአንድ ጠዋት የምትጋግረው እንጀራ እጥፍ ሆነ፣ የእንጨት ወጪ ቀረ፣ ዓይኗም መቅላቱን ተወ። እኔም ሱብሒ ተሰግዶ እስኪነጋ እንጨት መፍለጤ ቀርቶ መጽሐፍ ገለጥኩ። አሁን እዚህ ግቢ ተቀምጬ የምጽፍላችሁ በከፊል በዚያ ሽቦ ምክንያት ነው። (መብራት ሲጠፋ የሚሆነውን አትጠይቁኝ፤ እሱ ለብቻው ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።)

የመጨረሻ ዓመት ፕሮጀክቴን በዚሁ ምጣድ ላይ ለመሥራት ስጠይቅ ዲፓርትመንት ውስጥ ፈገግ ያሉ ነበሩ። አማካሪዬ ግን ፈቀዱ። ሙቀቱን ስንለካ ትልቁ ብክነት ከስር ሆኖ አገኘነው፤ የመሬቱን ጠረጴዛ ያሞቃል እንጂ እንጀራውን አያበስልም። በላሜራውና በሸክላው መካከል ሙቀት የማያሳልፍ ነገር አስገባን። ድሮ እጅ የማያስነካው የታች ላሜራ አሁን መዳፍ ያሳርፋል፤ ምጣዱም ቶሎ ይግላል። በዚህ ላይ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ራሱን የሚያጠፋ ነገር ለመጨመር እየሞከርን ነው። ይህን ሁሉ ስሠራ በጣም የገረመኝ አጎቴ ነው። ሽቦውን ሲዘረጋ ዳር ዳሩ ላይ ያቀራርበዋል፣ መሃል ላይ ያራርቀዋል። ለምን ስለው «ዳሩን ነፋስ ይወስደዋላ፣ አንቺ ኢንጂነር!» አለኝ። እኛ ሒት ትራንስፈር ብለን አንድ ሙሉ ሴሚስተር የተማርነውን እሱ ከተመለሱበት ምጣዶች ተምሮታል።

አሁን ወደ ሽቦው ልምጣ። ሸክላው ከሸክላ ሠሪዎች፣ ላሜራው አንዳንዴ ከአሮጌ በርሜል ይገኛል። አጎቴ የሚሠራበት የሬዚስታንስ ሽቦ ግን ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ከውጭ ለሚመጣ ነገር ዶላር ያስፈልጋል። የእኛ አገር የአየር በአየር ታሪክ አንዱ ትልቅ ምዕራፍ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። ውጭ ባለው ጥቁር ገበያ ደግሞ እጥፍ ገደማ። እንግዲህ በሂሳብ እንየው። ከባንክ 100,000 ዶላር የተፈቀደለት ሰው የሚከፍለው 5.7 ሚሊዮን ብር ነው። ያ ዶላር ከባንኩ በር ውጭ የሚያወጣው ከዚያ እጥፍ ገደማ። ልዩነቱ አምስት ሚሊዮን ብር አካባቢ። ይህን ልዩነት ለማግኘት ማሽን አልተተከለም፣ ሠራተኛ አልተቀጠረም፣ አንድም ሽቦ አልተጠቀለለም። የተፈለገው ወረፋውን የሚያሳጥር ሰው ማወቅ ብቻ ነው። ዘመዳችን በዚያ ዘመን ነው ቤት የሠራው። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ ልዩነቱ በጣም ጠበበ፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም። እሱም ፊቱን ወደ ጨረታ አዞረ። አጎቴ በነዚያ ዓመታት ሽቦ ሲገዛ የከፈለው ዋጋ በባንኩ ምንዛሪ ሳይሆን በጥቁር ገበያው ልክ ነበር። አንዳንዴም ሽቦው ከገበያ ይጠፋና ሁለት ሦስት ሳምንት ወርክሾፑን ዘግቶ ይቀመጥ ነበር።

በልጅነታችን ቴሌቪዥን ላይ «ኪራይ ሰብሳቢ» የሚባል ቃል ጠዋት ማታ እንሰማ ነበር። ስብሰባ ሁሉ በእሱ ይከፈታል፣ በእሱ ይዘጋል። ብዙ ከመባሉ የተነሳ ቃሉ ስድብ ብቻ ሆኖ ቀረ። ምንጩ ግን ስድብ አልነበረም። አን ክሩገር የተባሉ አሜሪካዊት የኢኮኖሚክስ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጽሑፍ ሕንድንና ቱርክን መርምረው ነበር። መንግሥት የአስመጪነት ፈቃድን ሲገድብ ፈቃዱ ራሱ ሀብት ይሆናል፤ ሰዎችም ዕቃ ማምረቱን ትተው ፈቃዱን ለማግኘት ይሽቀዳደማሉ። በእሳቸው ግምት በሕንድ እ.ኤ.አ. በ1964 እንዲህ ያለው ጥቅም የአገሪቱን ገቢ 7.3 በመቶ ያህል፣ በቱርክ እ.ኤ.አ. በ1968 ደግሞ 15 በመቶ ገደማ ይሆን ነበር። ጉዳቱ ገንዘቡ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው መሄዱ ብቻ አይደለም። ለፈቃዱ ሲባል የሚባክነው ጊዜና ጭንቅላትም አብሮ ይታሰብ።

ይህን ሳነብ ዘመዳችን ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ምክንያቱም ሰነፍ አይደለም፣ ወላሂ። ከሱብሒ ጀምሮ ስልክ ላይ ነው። የሰው ስም አይረሳም፣ ቁጥር በጭንቅላቱ ያባዛል፣ ማን ከማን ጋር እንደተጣላና እንደታረቀ ያውቃል። ይህ ሰው ፋብሪካ ቢያስተዳድር ምን ያህል ያሳድገው ነበር እላለሁ። ዊሊያም ባውሞል የተባለ ሌላ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1990 የጻፈው በትክክል ይህንን ነው። ብርቱና ደፋር ሰው በየዘመኑ፣ በየአገሩ አለ፤ የሚለያየው ጨዋታው የት ላይ እንደሚሸልም ነው። ሽልማቱ ዶላር በማስፈቀድ ላይ ከሆነ ብርቱው ሰው ወደዚያ ይሄዳል። የእኛን ባች ተመልከቱ። ከፍተኛ ውጤት ካላቸው ጓደኞቼ መካከል ስንቱ ነው ማሽን ለመሥራት የሚያስበው? ስንቱስ «ጥሩ ቦታ የሚያስገባኝ ሰው» እየፈለገ ነው?

«ታዲያ ነጋዴ መሆን ምን ነውር አለው?» የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ባለፈው ከዒሻ በኋላ ስናወራ አንዲት እህት በትክክል ይህንን ጠይቃኛለች። ምንም ነውር የለውም። ዐብዱረህማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ.) መዲና ሲገቡ አንሷሪው ወንድማቸው ግማሽ ሀብቱን ሊያካፍላቸው ሲል ገበያውን አሳዩኝ ብለው በደረቅ አይብና በቅቤ እንደጀመሩ ሁላችንም ሰምተናል። ከገጠር ቅቤ አምጥቶ ለከተማ የሚያቀርብ ሰው ሥራ ሠርቷል፤ ቅቤው ባለበት ቢቀር ኖሮ ማንም አይበላውም። አጎቴም ያለ ነጋዴ አንድ ምጣድ አይሸጥም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የከለከሉት ሌላ ነገር ነው። ከተማ ገብቶ ዋጋውን ሳይሰማ መንገድ ላይ ጠብቆ ከሻጩ መግዛትን ከልክለዋል። ምርት አከማችቶ ዋጋ እስኪንር መጠበቅን ከልክለዋል። ላይገዛ ዋጋ እያናረ ሌላውን የሚያታልለውንም ከልክለዋል። ልብ ብላችሁ ካያችኋቸው ትርፉ የሚመጣው ሌላው ሰው ካላወቀው ወይም እንዳይደርስበት ከተዘጋበት ነገር ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ኢማም ማሊክ በሙወጧእ ያቆዩልን አንድ ታሪክ አለ፤ ለእኔ ጉዳይ የተጻፈ ይመስለኛል። የዑመር (ረ.ዐ.) ሁለት ልጆች፣ ዐብደላህና ዑበይደላህ፣ ከጦሩ ጋር ወደ ዒራቅ ዘምተው ሲመለሱ የበስራው አስተዳዳሪ አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ.) ጋ ያርፋሉ። አቡ ሙሳ ሊጠቅሟቸው ፈለጉ። ወደ መዲና የሚላክ የበይተል ማል ገንዘብ ነበር። «ይህን ላበድራችሁ፤ የዒራቅ ዕቃ ግዙበት፣ መዲና ሽጡት፣ ዋናውን ለአሚረል ሙእሚኒን አስረክቡ፣ ትርፉ የእናንተ ይሁን» የሚል ሐሳብ አቀረቡላቸው። እንደተባለውም ሆነ፤ አተረፉም። እስቲ ምን ጥፋት አለው? ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ደረሰ። የተሰረቀ የለም። ዕቃው እውነተኛ ዕቃ ነው። ሪባም የለበትም።

ዑመር (ረ.ዐ.) የጠየቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ ለእናንተ እንዳበደረው ለሠራዊቱ ሁሉ አበድሯል ወይ? የለም አሉ። እንግዲያው የአሚሩ ልጆች ስለሆናችሁ ነው ያበደራችሁ፤ ገንዘቡንም ትርፉንም አስገቡ አሏቸው። ዐብደላህ ዝም አሉ። ዑበይደላህ ግን ተከራከሩ፤ ገንዘቡ ቢጠፋ ወይም ቢጎድል ኖሮ ከፋዮቹ እኛ አልነበርንም ወይ የሚል ጠንካራ ክርክር ነው ያቀረቡት። በመጨረሻ አጠገባቸው የነበረ ሰው ነገሩን እንደ ቂራድ፣ እንደ ሽርክና ንግድ፣ ያዩት ዘንድ ሐሳብ አቀረበ። ዋናውና የትርፉ ግማሽ ወደ በይተል ማል ገባ፤ ግማሹ ለልጆቹ ሆነ።

ስለ ሐላልና ሐራም ፈትዋ መስጠት የእኔ ቦታ አይደለም፤ ለዚያ ኡስታዞቻችን አሉ። የዘመዳችንን ገንዘብም ሐራም ነው እያልኩ አይደለም። እኔ የያዝኩት ያችን ጥያቄ ነው፦ ለሠራዊቱ ሁሉ ነው ወይ? ጨረታው ስም ለሌለው፣ ሰው ለሌለው ጎበዝ መሐንዲስም ክፍት ነው? ኢብኑል ሉትቢያ የተባለው የዘካ ሰብሳቢ «ይህ የእናንተ፣ ይህ ለእኔ የተሰጠኝ ስጦታ» ሲል ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሚንበር ላይ ያነሱትም ይህንኑ የመሰለ ነው። እናት አባቱ ቤት ቢቀመጥ ስጦታው ይመጣለት ነበር ወይ? እኔም ራሴን ጠየቅኩ። ደሴ እናቴ ቤት ብቀመጥ ያ ጨረታ ይመጣልኝ ነበር? ዲግሪዬም ቢሆን እዚያ ውስጥ የሚሠራው እንደ እውቀት አይደለም፤ ማኅተም የሚያስመታ ወረቀት ብቻ ነው። አምስት ዓመት የተማርኩትን ማንም አይጠይቀኝም።

ሌላ የሚያበሳጨኝ ነገር አለ፤ እሱንም ልናገር። እኛ አገር እጁን ያቆሸሸ ሰው ይናቃል። «ቀጥቃጭ»፣ «ሸክላ ሠሪ»፣ «ፋቂ» ስድብ ነበሩ፤ በሹክሹክታ ዛሬም አሉ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። እኛ ሙስሊሞች ይህ ንቀት ቢያንስ ለእኛ መግባት አልነበረበትም። የአላህ ነቢይ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ብረት ተገርቶላቸው ጥሩር ይሠሩ እንደነበር፣ ከእጃቸው ሥራም ይበሉ እንደነበር እንማራለን። አያቶቻችንም በጎንደር ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1668 በወጣው ውሳኔ ተለይተው እንዲሰፍሩ ሲደረግ፣ ርስትም ሲከለከሉ፣ በሽመናና በንግድ ነው የኖሩት። በየዓመቱ በጀመዓችን ዝግጅት ላይ የአል-ጀዘሪን የዝሆን ሰዓት ፖስተር እንሰቅላለን፤ ማሻአላህ ደስ ይላል። ግን አል-ጀዘሪ እ.ኤ.አ. በ1206 የጨረሰው መጽሐፍ የሥራ መጽሐፍ ነው፤ ሌላ ባለሙያ መልሶ እንዲሠራው ልኩን፣ አገጣጠሙን፣ የትኛው ክፍል ከምን እንደሚሠራ ይዘረዝራል። ፖስተሩ ሥር ፎቶ ከተነሳነው መካከል ብየዳ ጨብጠን የምናውቅ ስንት ነን?

ገንዘብ የሚያቀርበውን ሰው ደግሞ ጨርሼ ልኮንን አልፈልግም። አጎቴ ያጣው ሽቦ ብቻ አይደለም፤ ካፒታልም ነው። የተሻሻለውን ምጣድ በብዛት ለመሥራት ላሜራ ማጠፊያ ማሽን ያስፈልገዋል። ወለድ ያለበት ብድር አይወስድም። ከወለድ ነፃ መስኮት እ.ኤ.አ. በ2011 በመመሪያ ከተፈቀደ ወዲህ፣ እንደ ዘምዘምና ሂጅራ ያሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮችም እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ ከጀመሩ ወዲህ መንገዱ ተከፍቷል፤ ይህ ብዙ ሰው የለፋበት ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን በዓለም ዙሪያ ከወለድ ነፃ ባንኮች በብዛት የሚሠሩት በሙራበሐ ነው፤ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፍ ጨምሮ ይሸጥልሃል። ይህ ለአስመጪ ይመቸዋል። ገና ገበያ ያልታየ ምጣድ ይዞ ለሚመጣ ሰው ግን የሚያስፈልገው ሙዷረባ ወይም ሙሻረካ ነው፤ ማለትም ትርፉንም ኪሳራውንም አብሮ የሚሸከም ገንዘብ። እዚህ ላይ የኢኮኖሚክስና የአካውንቲንግ እህት ወንድሞች ብዙ ሥራ አለባችሁ። አንድን ወርክሾፕ ገብቶ ሂሳቡን መርምሮ «ይህ ያዋጣል፣ አብረን እንግባ» የሚል ባለሙያ ለእኔ ከመሐንዲስ አያንስም። አደጋውን ተካፍሎ ያተረፈ ገንዘብ ሥራ ሠርቷል።

ለእናቴ ሁለቱንም ነገርኳት። ቀላል አልነበረም። ሁለት እህቶቼ ገና ትምህርት ላይ ናቸው፤ የዘመዳችን መቶኛ በአንድ ጨረታ የእናቴን የዓመት ገቢ ይበልጣል። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ሐላል ከሆነ ምን አለበት ልጄ? እኔ እንደሆነ ደክሞኛል» አለች። ለዚህ የሚሆን መልስ ከባውሞልም ከክሩገርም አላገኘሁም። ኢስቲኻራ ሰገድኩ። በሳምንቱ ለዘመዳችን ደውዬ አመሰግናለሁ፣ አልችልም አልኩት። አልተቆጣም፤ «ሲርብሽ ትመጫለሽ» ብሎ ሳቀ። ምናልባት እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ አጎቴ ለጊዜው ሊከፍለኝ የሚችለው ለቤት ኪራይና ለታክሲ ብቻ ነው። ለእናቴ በየወሩ የምልከው ገና ትንሽ ነው የሚሆነው፤ እሷም ታውቃለች።

በዚህ ወር ሁለተኛውን የሙከራ ምጣድ ደሴ ላክንላት። ሦስት ቀን ጋግራበት ደወለች። «አብሽሪ፣ ዳሩ አሁን ቆንጆ ነው፣ ዓይኑም ይወጣል። መሃሉ ግን ይቸኩላል፤ ስከፍተው ቡናማ ሆኖ አገኘዋለሁ» አለች። ለአጎቴ ነገርኩት። እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ ሸክላው ላይ ክብ አሰመረና ከመሃል ሁለት ዙር ሽቦ እናንሳ አለ። ፈተና እንዳለቀ የምንሠራው እሱን ነው። ከኤሌክትሪካል ዲፓርትመንት ሙቀት መቆጣጠሪያውን የሚያግዘን ወንድም ወይም እህት ካለ ቅዳሜ ከዙህር በኋላ ወርክሾፑ ክፍት ነው፤ የሚቆሽሽ ልብስ ለብሳችሁ ኑ።